ጎማውን ሎሚ አድርገው

የሞጣው ወዳጄ ሲደውልልኝ ድምፁ ልክ አልነበረም። ጨርቅ ነጋዴ ነው። ከወጣትነታችን ጀምሮ ያፋቀረን ብስክሌት ነው፤ እኔ ቢቸና፣ እሱ ሞጣ ሆነን ስለ ጎማ ስንከራከር ኖረናል።

«ልጄ ብስክሌቴን ልትሸጥብኝ ነው» አለኝ።

«ምን አጠፋህ?»

«ጉልበቴ ነዋ! ፔዳሉን በረገጥኩ ቁጥር ይወጋኛል። ከሱቅ ስመለስ እግሬን እየጎተትኩ ካየችኝ፣ ብስክሌቱ በገበያው ቀን ይሸጣል ብላለች። ከዚያ እኔ ምን ልሆን? ቤት ቁጭ ብዬ ዝንብ ላባርር?»

«ጎማህን ድንጋይ አድርገህ ንፋው፤ ይቀልልሃል።»

ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው ይሄንን ነው። የጠነከረ ጎማ ይሮጣል፣ የላላ ይጎትታል።

«አሁንም ድንጋይ ነው እኮ! ልጄ በስልኳ አይታ ምን አለችኝ መሰለህ? ውጭ አገር ጎማውን በሚሽከረከር በርሜል ላይ እያስሮጡ ለመንዳት ምን ያህል እንደሚከብድ ይለካሉ አሉ። ከዚያ ያገኙትን ለሁሉም ሰው ያሳያሉ። ሻካራ መንገድ ላይ ላላ ያለው ይቀላል ነው የሚሉት።»

«ይሄን ያለ ሰው ብስክሌት ነድቶ አያውቅም!» ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። ግን ነገሩ አላስቀመጠኝም። በማግስቱ የጎማ መንፊያ ፖምፓዬን ጋቢዬ ውስጥ ሸጉጬ ወደ ሞጣ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ከወዳጄ ደጃፍ ትንሽ ቁልቁለት አለች፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሱቁ ድረስ ሜዳ ነው። መንገዱ ሁሉ ኮብልስቶን ነው። «እኛ በርሜል የለንም፤ ቁልቁለት ግን አለን» አልኳቸው ለአባትና ለልጅ። ቁልቁለቷ አናት ላይ ካለው የመብራት ምሰሶ ሥር ሳይገፉ መልቀቅ፣ ፔዳል አለመርገጥ፣ ፍሬን አለመያዝ። ብስክሌቱ በራሱ በቆመበት ላይ ድንጋይ ማስቀመጥ። ሩቅ የሄደው ጎማ ቀላል ነው። ይሄ ምን መማር ይጠይቃል?

የሱ ጉልበት ስለማይችል ነጂው እኔ ሆንኩ። መጀመሪያ ጎማውን ድንጋይ አድርጌ ነፋሁትና ወረድኩ። አንጀቴ እስኪናወጥ አንገጫገጨኝ፤ ሜዳው ላይ ሲቆም የምልክት ድንጋይ አስቀመጥን። ቀጥሎ ልጅቱ ትንሽ አስተነፈሰችው፤ ደግሜ ወረድኩ። ከድንጋዩ ሳልደርስ ቆምኩ!

«አላልኩህም!» ብዬ ጮህኩ። ወዳጄ ኮርቻውን በእጁ ይዳብስ ነበር። ያኔ ደስታዬ ቀዘቀዘ።

ልጅቱ ግን ትስቃለች። «ጋሼ፣ ጋቢዎ!»

«ጋቢዬ ምን ሆነ?»

«መጀመሪያ ሲወርዱ ተጠቅልሎ ነበር። አሁን ተፈቶ ከኋላዎ እንደ ድንኳን ተነፋ። ነፋሱ እኮ ነው የያዘዎት!»

«ጋቢ ብስክሌት አያቆምም።»

«እንግዲያው አውልቀው ይውረዱ።»

በሰው አገር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መንገድ ላይ ጋቢዬን ላወልቅ? እምቢ አልኩ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ቆም ብሎ «አባባ፣ ሸራውን ያውርዱት!» አለ። ሰው ሳቀ። እኔም ባሰብኝ።

ወዳጄ ቀረብ አለኝ። «አንተ ሰው፣ እኔ እግሬን ላጣ ነው፤ አንተ ጋቢህን ታቅፈህ ትቆማለህ?»

አውልቄ ምሰሶው ላይ ሰቀልኩት።

ሁለቱንም እንደ አዲስ ሞከርን። ጠንካራው ከቅድሙ ትንሽ ራቀ፤ ድንጋዩንም አራቅነው። በላላው ስወርድ ግን ድንጋዩ ቀረበኝ፣ ደረስኩበት፣ አለፍኩት! «አለፈ! አለፈ!» ይላል ባለባጃጁ ከኋላዬ እየሮጠ። እኔም ራሴን ረስቼ «አለፈ!» እላለሁ። ጠንካራው በየድንጋዩ ይዘላል፤ የላላው ይውጠዋል። በመቀመጫዬ ገባኝ። አላመንኩም፤ ደገምኩት። አሁንም አለፈ። እስኪ የባሰ እናላላው ብለን ስናስተነፍሰው ደግሞ እንደ ሊጥ ተለጥፎ ቀረ።

መልሰን ነፍተን ደህናው ልክ ላይ አደረስነው። «ይሄንን ነገ በምን እናውቀዋለን?» አለ ወዳጄ። መለኪያ የለን። ልጅቱ ከቤት ሎሚ አመጣች። በአንድ አውራ ጣቴ ጎማውን፣ በሌላው ሎሚውን ተጫንኩ።

«ይኸው! ሎሚ ነው!»

«እንግዲህ አባዬ ራሳቸው ይንዱ» አለች ልጅቱ። እስከ ሱቁ ሄዶ እስኪመለስ ቁልቁለቷ ሥር እጇን አጣምራ ጠበቀችው። ሲመጣ ፊቱን አላየችም፤ እግሩን ነው ያየችው። ወረደ። መሬቱን ረገጥ ረገጥ አደረገ።

«ይወጋዎታል አባዬ?»

«ትንሽ። ወላሂ፣ የትናንቱ አይደለም።»

ብስክሌቱን ተቀብላ እየገፋች ዳገቷን ወጣችና ግቢ አስገባችው።

«የገበያው ቀንስ?» አልኳት።

«የገበያው ቀን አባዬ ሱቅ ይሄዱበታል።»

ቢቸና እስክደርስ ሚኒባስ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ በጎማ ወሬ አደነቆርኩት። አሁን ብስክሌት ቆሞ ካየሁ ጎማውን ሳልጫን አላልፍም። «ድንጋይ ነው! ሎሚ አድርገው!» እላለሁ። ያበድኩ የሚመስለው አለ፤ ቁልቁለት አሳየዋለሁ፣ ራሱ ይውረድ። አስፋልት ላይ ይለይ ይሆናል፤ ያልሞከርኩትን አላወራም።

በገበያው ቀን ወዳጄ ደወለ።

«ሱቅ ነኝ። ጋቢህን ምሰሶው ላይ ረስተኸው ሄደሃል፤ እዚህ አለልህ።»

«እግርህስ?»

«እሱም እዚህ አለ» አለና ሳቀ።