በኔሪስ ስም የመጣ ደብዳቤ

ኔሪስ ላኔሊ ከተማ ውስጥ እናቷን ዘጠኝ ዓመት አስታመመች። እናትየው ግን እስከ መጨረሻው የምትጠራው በዓመት ሁለቴ ብቅ የምትለውን ታናሽ ልጇን ግዌንን ነበር። በቀብሩም ዕለት ሰው ሁሉ ያጽናናው ግዌንን ነው፤ ኔሪስ ሳንድዊች ስታዞር ዋለች።

ከአራት ወር በኋላ ከመንግሥት ደብዳቤ መጣ። ኔሪስ ሐዘኑ አስረስቷት ሞቱን ስላላሳወቀች፣ ለአስታማሚ የሚከፈለው ድጎማ ሳይቋረጥ ቆይቷልና በትርፍ የተከፈለሽን መልሺ ይላል።

ግዌን ስትሰማ ደወለች። «እህትዬ፣ እኔ ልክፈለው፤ ለኔ ምንም አይደል።»

ኔሪስ መለሰችላት። «እማዬ ስትሞት የጠራችው አንቺን ነው። አስታማሚዋ ተብሎ የተጻፈው ግን የኔ ስም ነው። ይሄንንም ልትወስጂብኝ ነው?»



ኔሪስ በየወሩ ሃያ ፓውንድ እየቆረጠች ሁለት ዓመት ከፈለች። ስትጨርስም ለግዌን አልነገረቻትም።