ወደ መስኮቱ የዞረው ካሜራ

ባሌን የሙያ ጓደኞቹ «የጋሼ ዓይን» ይሉታል። ጋሼ የሚሏቸው አምና ያረፉትን ታላቁን የፊልም ዳይሬክተር ነው፤ ከሠርጋችን በፊት ጀምሮ እስከ መጨረሻው ፊልማቸው ድረስ ካሜራ የያዘላቸው ባሌ ነው። አይ ዓይን! ቤት ውስጥ እኮ ግንባሩ ላይ የሰቀለውን መነጽር ፍለጋ አልጋ የሚገለብጥ ሰው ነው።

ጋሼ ሰው ሲያለቅስ አይቀርጹም ነበር። የተዋናይዋ እንባ ሊመጣ ሲል ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ መስኮት ወይ ወደ ባዶ ወንበር ይዞራል፤ ድምፅዋ ብቻ ይሰማል። የሰው እንባ ገመናው ነው ይሉ ነበር። ተመልካቹም ወደደላቸው። የባሌ እጅ ይህን ለመደ፤ ምን እጁ ብቻ፣ እናቴ የሞተች ዕለት እኔ መሬት ላይ ስንከባለል እሱ መጋረጃ ያስተካክል ነበር። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ልል ነበር፣ ሙት ወቃሽ እንዳትሉኝ ብዬ ተውኩት።

ጋሼ ባረፉ በዓመቱ በእጃቸው ያደጉት ፊልም ሠሪዎች ተሰባስበው ስለ እሳቸው ዘጋቢ ፊልም ሊሠሩ ተስማሙ። ቀረጻውን ለባሌ ሰጡት። ዛሬ ስመ ጥር የሆኑት ሁሉ በየተራ እየመጡ ካሜራው ፊት ተቀመጡ። አንዱ ዝምታን ከጋሼ እንደተማረ ለመናገር ግማሽ ቀን ፈጀ። ዞሮ ዞሮ ግን ሁሉም የሚያርፉት እዚያው እንባ ላይ ነበር፤ ፊትን ማዞር ያስተማሩን እሳቸው ናቸው፣ ለሰው ክብር መስጠት ማለት ይህ ነው ይላሉ። ባሌ ይህን ሲያወራልኝ የሱን ስም ያነሱ ያህል ደስ ይለዋል።

የቀሩት የጋሼ ባለቤት ነበሩ። እትዬ እንላቸዋለን። ጋዜጠኛ ቤታቸው ሲመጣ ሻይ አቅርበው ወደ ጓዳ የሚመለሱ ሴት ናቸው፤ ስለ ራሳቸው ጠይቋቸው የሚያውቅ የለም። አሁን እሺ አሉ፣ ግን ሚስትህም ትምጣ ብለው እኔን አስጠሩኝ። ስንደርስ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰው ጠበቁን። አንገትጌያቸውን አስተካከልኩላቸው። ከዚያ ባሌን አጠገባቸው አስቀምጠው የሚፈልጉትን ነገሩት። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ገና ድክ ድክ ሲል ትኩሳት የወሰደው። የእሱን ነገር ሊናገሩ ነው።

«አለቅሳለሁ» አሉት። «ሳለቅስ እንዳትተወኝ። አንድ ቀን እንኳ ሰው ፊቴን ይየው።»

ባሌ ቃሌ ነው እትዬ ብሎ ማለላቸው።

ተናገሩ። ልጁ የሞተ ዕለት ጋሼ ከቀረጻ ሲመለሱ እትዬ ሬሳውን ታቅፈው ያለቅሱ ነበር። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው አዩአቸውና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ጎረቤት መጥቶ ልጁን ከእጃቸው እስኪወስድ ድረስ እንደዞሩ ቀሩ። በኋላ ያን መዞር ፊልም ውስጥ አስገቡት፣ ሰውም አጨበጨበላቸው። እትዬ በእያንዳንዱ ምረቃ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ያንኑ መስኮት ሲያዩ ኖሩ።

«ክብር ነው ይሉታል» አሉ። «እኔ ግን ብቻዬን ነበርኩ።»

ከዚያ በላይ አልቻሉም። ፊታቸውን ሳይሸፍኑ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ። ዓይኔን ጠርጌ ወደ ባሌ ስመለከት ካሜራው ወደ መስኮቱ ዞሯል። በቀስታ፣ በጥንቃቄ፣ እንደለመደው። እሱ ራሱ አላወቀም። ትከሻውን ስነካው ደነገጠና መለሰው፤ ምን ዋጋ አለው፣ እትዬ መሐረብ አውጥተው ፊታቸውን እየጠረጉ ነበር።

መንገድ ላይ ተመለስና ንገራቸው አልኩት። ነገ እነግራቸዋለሁ አለ። በማግስቱም ነገ አለ። ደግመው ያልቅሱልኝ ብዬ በምን አፌ ልጠይቅ እያለ ይብከነከናል። እንዳትጠይቅ፣ የሆነውን ብቻ ንገራቸው ብዬ ብለምነውም እሺ አይልም። እንዲህ ዛሬ ነገ ሲል ፊልሙ አለቀ፣ የምረቃው ቀንም ደረሰ።

እትዬ ያንኑ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰው መጡ። ከጎኔ ተቀመጡ። የእሳቸው ክፍል የመጨረሻው ነበር፤ ፊታቸው ሸራው ላይ ሲወጣ እጄን ጨበጡኝ። ስለ ልጁ ተናገሩ። ድምፃቸው ሲሰበር ካሜራው ዞረ። መስኮት፣ መጋረጃ፣ የሳቸው ልቅሶ። እጄን ለቀቁት።

አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ስመ ጥሮቹ ባሌን እየተሻሙ አቀፉት፤ ጋሼ ራሳቸው የቀረጹት ነው የሚመስለው፣ እሳቸው አልሞቱም አሉት። እትዬ የተናገሩትን ማን ሰማው? ስለ መስኮቱ ብቻ ነበር የሚያወሩት።

እትዬ ሰው ቀለል እስኪል ጠብቀው ባሌን ጠሩት።

«ልጄ፣ ጋሼህስ አላወቀበትም ልበል» አሉት። «አንተን ግን ለምኜህ ነበር።»

አንገቱን ደፋ። ሊሸኛቸው ኮቱን ሲያነሣ፣ ተው፣ እኔ አለሁ አልኩት፤ ክንዳቸውን ደግፌ ወጣን። ቤታቸው ገብተው ገና ቀሚሳቸውን ሳይቀይሩ ልቅሶው መጣባቸው። ወንበር ስቤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩና እስኪወጣላቸው ድረስ አየኋቸው።