ቁልፉ በግራ ነው

ልብስ ሰፊዋ ቂም አትይዝም ያለ ሰው ካለ፣ ልብስ ሰፊዋን አያውቃትም ማለት ነው። ይቅር ብያለሁ ትላለች፣ ፈገግም ትላለች፣ ሱሪዎንም በቀጠሮው ቀን ታደርስልዎታለች። ሆዷ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነው። ደግሞስ እንዴት አትይዝ? የተደረገባትን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ከጋራዡ ጀርባ ፊልም ቤት አለ። ፊልም ቤት ይባል እንጂ ድሮ የጎማ መጋዘን የነበረ ረጅም ክፍል ነው። አሥራ አራት አግዳሚ፣ አንድ ፕሮጀክተር፣ ግድግዳው ላይ የተወጠረ ነጭ አቡጀዲ። አቡጀዲውን ዙሪያውን የቀመቀመችው ራሷ ናት። ጥግ ላይ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ማይክ፣ ከማይኩ ኋላ ሁለት ወንበር። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ያወራል፤ ተርጓሚው ማይኩን ይዞ እዚያው በዚያው በአማርኛ ይናገራል።

ተርጓሚው በፊት አባቷ ነበሩ። አንድ ጆሯቸው ሲደክም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸውን ሁለተኛው ወንበር ላይ አስቀመጧት፤ ያመለጣቸውን እሷ ታንሾካሹክላቸዋለች። «የኔ ጆሮ» ነበር የሚሏት። እሳቸው ሲሞቱ ማይኩ ወደ ታላቅ ወንድሟ ሄደ። እሷን የጠየቃት ሰው የለም፤ እሱ ወንድ ነዋ! ድምፁ መቼም ጎርናና ነው፣ አይካድም። እንግሊዝኛውን ግን ተዉት። እሷ ወንበሯ ላይ ሆና ታንሾካሹካለች፣ እሱ ያንባርቃል፣ ጭብጨባውን ይወስዳል። ይሁን ብላ ነበር። አባቷ ያስቀመጧት ወንበር እስካለ ድረስ ይሁን ብላ ነበር።

አምና ያ የጀግና ፊልም መጣ። ረጅም ጥቁር ካፖርት የለበሰ፣ ፊቱን በጭምብል የሸፈነ፣ ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለ ከተማ የሚያድን። በፊልሙ ውስጥ ስሙን የሚያውቅ የለም፤ «ጭምብሉ» ብቻ ነው የሚሉት። ድምፁም ከጭምብሉ ስር እንደሚፋቅ ቆርቆሮ ነው፣ የማን እንደሆነ አይለይም።

እሁድ እሁድ ከሰዓት ፊልሙ ሲያልቅ አድናቂዎቹ አይሄዱም። አግዳሚውን ፊት ለፊት አዙረው ይከራከራሉ። መካኒኩ ጀግና የሌለበት ፊልም ፊልም አይደለም ይላል። አስተማሪው ደግሞ ኮሜዲ ካልሆነ አይጥመውም፤ ክፍል ሁለት የሚባል ነገር ከሰማ ደሙ ይፈላል። «የመጀመሪያውን ያበላሹበት ሳያንስ!» ይላል። የዚያን ቀንም ሁለቱ ተያይዘው ሳለ ልብስ ሰፊዋ ብድግ አለች።

«ጭምብሉ ሴት ናት» አለች።

መካኒኩ ከት ብሎ ሳቀ።

«ካፖርቱን አላያችሁም? የወንድ ኮት ቁልፉ በቀኝ በኩል ነው የሚተከለው፣ የሴት በግራ። የሱ ቁልፍ በግራ ነው።»

«ፊልሙ ተገልብጦ ይሆናላ!» አለ አስተማሪው።

«ከኋላ ያለው የሱቅ ጽሑፍ ቀጥ ብሎ ይነበብ የለ እንዴ! ደግሞ ልብ በሉ፣ በእንግሊዝኛው አንድም ሰው ‹እሱ› አላለም። ‹አንተ› የሚለውም የወንድሜ የጋሼ ነው እንጂ የፊልሙ አይደለም። እንግሊዝኛ ለ‹አንተ›ም ለ‹አንቺ›ም አንድ ቃል ነው ያለው።»

እዚህ ላይ ነው ወንድሟ የደነገጠው። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየዋ! ማይኩ ገና አልጠፋም ነበር። አነሳውና በዚያ ጎርናና ድምፁ፣ «አንቺ! ሂጂ ቁልፍሽን ትከዪ!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ቁልፊት! ቁልፊት!» ብሎ ጨመረበት፤ እነሱም ተቀበሉት።

በቃ፣ ስሟ ቁልፊት ሆነ። ቀሚስ ልታሳጥር የመጣችው ሁሉ «የቁልፊት ቤት ይሄ ነው?» ትላለች። በሚቀጥለው እሁድ ወንበሯ ላይ ልትቀመጥ ስትል ወንድሟ ቦርሳውን አስቀምጦበት አገኘችው። ለቦርሳ! «ሰው ይስቅብኛል፣ ከኋላ ተቀመጪ» አላት። የመጨረሻው አግዳሚ፣ በሩ አጠገብ፣ ነፋስ የሚገባበት። ዓመት ሙሉ እዚያ ተቀመጠች። ዓመት ሙሉ አባቷ ያስቀመጧትን ወንበርና ቦርሳውን እያየች ተቃጠለች።

ጉዱ ይሄ ብቻ መሰላችሁ? ወንበሯን ይንጠቃት እንጂ ጆሮዋን አልተወላትም! አርብ በመጣ ቁጥር ፊልሙን በፍላሽ ይዞ ስፌት ቤቷ ይመጣል። «እይልኝና ከበድ ከበድ ያለውን ቃል ጻፊልኝ» ይላል። ራሱ አያየውም፣ ሰነፍ ነው። የጻፈችለትን ወረቀት ይዞ ይገባል፣ አዋቂ ተብሎ ይወጣል። እሷም ትጽፍለታለች። ቀን እየጠበቀች ነበራ።

ቀኑ መጣ። «ክፍል ሁለት ወጥቷል» ብሎ ፍላሹን የስፌት መኪናዋ ላይ ወረወረው። ማታ ሳይሆን ያኔውኑ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩን ዘግታ አየችው። ፊልሙ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃው ላይ ሲደርስ ጭምብሉ ወለቀ። ሴት! ትከሻዋ ላይ የሚወርድ ፀጉር፣ አገጯ ላይ ትንሽ ጠባሳ። ልብስ ሰፊዋ ብቻዋን፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ደግሞ በእውነት አለቀሰች። «አባዬ፣ አየኸው አይደል?» አለች።

እስክሪብቶ አነሳችና ቃላቱን ጻፈች። አንዱንም ሳታዛባ። ውሸት የሚባል ነገር ወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ በኋላ ዋሸሽኝ እንዲላት አልፈለገችም።

ወንድሟ ወረቀቱን ሊወስድ ሲመጣ ከራሱ እስከ ተረከዙ እያየችው፣ «ጋሼ፣ እሁድ ወንበሬ ላይ ልቀመጥ?» አለችው። ይሄን ልብ በሉልኝ። እሺ ቢላት ኖሮ ትነግረው ነበር። አፏ ድረስ መጥቶ ነበር።

«አንቺ ደግሞ!» አለ። «ገና አልረሱትም እኮ። ቁልፊት መጣች ብለው ነው የሚስቁብኝ።»

«እሺ» አለች።

«ሌላ የማውቀው ነገር አለ? ያው ሰውዬ ነው አይደል?»

«ያው ሰው ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። እውነቷን ነው።

እሁድ ፊልም ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ከመጀመሩ በፊት አስተማሪው «ክፍል ሁለት ነው፣ ከአሁኑ አዝኛለሁ» ሲል መካኒኩ «ያልወደደ በሩ ያውለት!» ብሎ ጮኸበት። ወንድሟ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ማይኩን ነካ ነካ አደረገ። የዛሬውስ ብሶበታል! ፊልሙ ያላለውን ሁሉ እየጨመረ፣ «ወንዱ መጣ! የወንዶች አውራ!» እያለ ያንባርቃል። እሷ በሩ አጠገብ ሆና ሰዓቷን ታያለች።

ፊልሙ ከጀመረ አንድ ሰዓት ከአሥራ ዘጠኝ ደቂቃ። ጠላትየው ጭምብሉን ግድግዳ ላይ አጣብቆታል፤ ደፋር ከሆንክ ፊትህን አሳየኝ እያለ ነው። ወንድሟ ትንፋሹን ሳበና ድምፁን ለቀቀው፦

«አንተ! ወንድ ከሆንክ ፊትህን አሳየኝ!»

ጭምብሉ ወለቀ። ፀጉሩ ትከሻ ላይ ወረደ።

ወንድሟ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ከዚያ ከፊት አካባቢ አንዱ በሳቅ ፍርፍር አለ፣ ተከተሉት፣ ቤቱ ተናወጠ። አስተማሪው ሆዱን ይዞ አግዳሚው ላይ ተደፋ፤ «ኮሜዲ ነው ለካ! እኔ ምን አውቄ!» እያለ። መካኒኩ ብድግ ብሎ ወደ ኋላ ዞረ።

«ቁልፊት ብላ ነበር! አምና ብላ ነበር እኮ! ቁልፉ በግራ ነው ብላ!»

«ቁልፊት! ቁልፊት!» አሉ። ያው ስም ነው፣ ያው አፍ ነው። አሁን ግን እያጨበጨቡ።

ፊልሙ እንደሆነ አይጠብቅም። ሴቲቱ ታወራለች፣ ጠላትየው ይመልሳል፣ ማይኩ ዝም ብሏል። ወንድሟ ወረቀቱን ያገላብጣል፤ ወረቀቱ ላይ ቃል እንጂ ሴት የለችም። «አንተ…» ይላል፣ ይተወዋል። «እሱ… እሷ…» ሳቁ ይብስበታል። ላቡ አዲሱን ሸሚዝ አረጠበው። ልብስ ሰፊዋ አየችው። አሳዘናት? አላሳዘናትም። ጠገበችው።

ከዚያ ተነሳችና በመሀል መንገዱ ቀስ ብላ ሄደች። ቦርሳውን ከወንበሩ አንስታ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ማይኩን ከእጁ ስትወስድ አልታገላትም።

«ታውቂ ነበር?» አላት በሹክሹክታ።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? እኔ ወንድምሽ!»

«ነግሬህ ነበር፣ ጋሼ። አምና። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት።»

እሷም በጣቷ ከኋላ ያለውን የመጨረሻውን አግዳሚ፣ በሩ አጠገብ ያለውን፣ አሳየችው። ሄዶ ተቀመጠ። ነፋሱ ይገባል፤ የሸሚዙን ኮሌታ ሰበሰበ።

አቡጀዲው ላይ ጠላትየው ወደ ሴቲቱ ቀረብ አለና ያንኑ አንድ ቃል ተናገረ። ልብስ ሰፊዋ አባቷ ያስቀመጧት ወንበር ላይ ተደላድላ ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«አንቺ!» አለች። «ለካ አንቺ ነሽ!»