ለእማማ ዘሀራ ያልነገርኳቸው

ይህን ለወንድሜም፣ አብራኝ ለተማረች ጓደኛዬም ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ የምጽፈው ፊታችሁን ስለማላይ ነው።

ወንድሜ ይመር፣ መርሳ ከተማ ባለው ቤታችን ጓዳ ውስጥ ትንሽ ስቱዲዮ ከፍቷል። እሱ ይቀርጻል፤ ገመዶቹ የእኔ ሥራ ናቸው። ሰው ከመምጣቱ በፊት መሰኪያዎቹን አልኮል በነካ ጥጥ እጠርጋለሁ፤ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እያንዳንዱን ገመድ ነቅነቅ አደርጋለሁ። የተንጫጫ ገመድ ከሥራ ይወጣል። ይህን ሥርዓት ያወጣሁት እኔው ነኝ።

የማይክሮፎኑ ገመድ መሰኪያው ሥር መላላቱን እማማ ዘሀራ ሊመጡ በዋዜማው አውቄ ነበር። መበየድ ነበረብኝ። በፕላስተር ጠመጠምኩትና ተውኩት። ለምን? ሰነፍኩ። ሌላ ቃል የለውም።

በማግስቱ እማማ ዘሀራ ከውርጌሳ መጡ። ሀብሩ ወረዳ ውስጥ የሰርግ ዘፈን የሚያወጡት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ያወጣሉ፣ ሴቱ ሁሉ ይቀበላል። የልጅ ልጃቸው ሰርግ አንድ ወር ቀርቶት ነበር፤ ከዚያ በፊት ድምፄ ይቀመጥልኝ ብለው ነው። ይመር ለጉዳይ ወልዲያ ስለሄደ የምቀርጸው እኔ ነበርኩ።

"በይ ልጄ፣ ጥርሴ ሳያልቅ ቶሎ ያዥኝ" አሉኝና ሳቁ።

ሁለተኛው ዘፈን ላይ ገመዱ ይንጫጫ ጀመር። ሰማሁ። ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ነበር፤ በደንብ ሰማሁ። እጄን ማንሳት ብቻ ይበቃ ነበር። ግን ዓይናቸውን ጨፍነው የሚዘፍኑ ትልቅ ሰው እንዴት ይቋረጣሉ ብዬ አፈርኩ። እስኪጨርሱ ዝም አልኩ።

መልሰን ስናዳምጠው ዘፈኑ ከፍ በሚልበት ቦታ ሁሉ ይሻክራል፣ ይቆራረጣል።

"ምንድን ነው እሱ?" አሉኝ።

"ከፍ ሲያደርጉት... ድምፅዎ ትንሽ ይሰነጠቃል" አልኳቸው።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። እሳቸውም "እርጅና ነዋ። አብሽሪ፣ አንቺ ምን ታደርጊ" ብለው ሻሻቸውን አስተካክለው ወጡ። እኔን አጽናንተው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ገመዱን በየድኩትና በራሴ ድምፅ ሞከርኩት። ጥርት ያለ ነበር። ስለዚህ አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም። ስልካቸው ነበረኝ፤ አልደወልኩም። የቀረጽኩትንም ይመር ሳይሰማው አጠፋሁት።

ሰርጉ ላይ ተጠርተን ሄድን። ዘፈኑን የምታወጣው ሌላ ሴት ነበረች። እማማ ዘሀራ ከተቀባዮቹ መሀል ተቀምጠው ያጨበጭባሉ፤ አፋቸው አይከፈትም። ሲያዩኝ ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"እንኳን ነገርሽኝ ልጄ" አሉኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፤ "በሰው ፊት ከማፈር አዳንሽኝ። አላህ ይስጥሽ።"

ያን ጊዜስ መናገር አልችልም ነበር? ዘፈኑ ገና አላለቀም። ተነስተው ሊያወጡ ይችሉ ነበር። እኔ ግን "አሚን" አልኩ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይናፋር ነች ይሉኛል። እውነት ነው፤ ግን እዚህ ላይ ምክንያት ላደርገው አልፈልግም። ሰው ማቋረጥ ያሳፈረኝ ልጅ ሰውን መዋሸት አላሳፈረኝም። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የበደልኳቸው ሴት ደግሞ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ያመሰግኑኛል።