ጽዋው ከቤቴ አልወጣ አለ

ከትምህርት ቤት ጀምሮ ጓደኛሞች የሆንን አምስት ሴቶች ብቸና ላይ የማርያም ማኅበር እንጠጣ ነበር። ወር በገባ በሃያ አንድ በአንዷ ቤት እንሰበሰባለን። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተጠጥቶ ሲያበቃ ጽዋው ለቀጣይዋ ተረኛ ይሰጣል፤ እሷም ተቀብላ ቤቷ ትወስደዋለች። ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ካልተሻገረ ማኅበር የለም።

ከዚያ አራቱ ተበተኑ። አንዷ ሞጣ አገባች፣ አንዷ አዲስ አበባ ገባች፣ ሁለቱ ዐረብ አገር ሄዱ። «ማኅበሩማ አይፈርስም፤ በቴሌግራም እንቀጥላለን» ሲሉኝ እኔ ሞኟ ደስ አለኝ።

ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ ተረኛዋ እኔው ነኝ። ጠላ ጠምቄ፣ ዳቦ ጋግሬ፣ ስልኬን በስኳር ጣሳ አስደግፌ ኔትወርክ ስለማመን እውላለሁ። ሲመጣላቸው «እስቲ ዳቦውን አሳዪን! ውይ ሲያምር!» ይላሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እኔን አይተው ነው መሰለኝ። ደግሞ ያናደደኝ ድካሙ አይደለም። አንዳቸው እንኳ «የዚህ ወር በእኔ ይሁን» አለማለታቸው ነው።

ባለፈው ወር ቄሳችን ጸሎት አድርሰው «ተረኛዋ ማን ናት?» ሲሉ ትዕግሥቴ አለቀ። ወደ ስልኩ ዞሬ የሞጣዋን «ነገ መኪና ተሳፍሬ ጽዋውን አመጣልሻለሁ። መንገዱ እንደሆነ ግማሽ ቀን አይፈጅም» አልኳት።

ፈገግ እንዳለች «እቴ፣ አይሰማኝም፤ ድምፅሽ ይቆራረጣል» አለችና ጠፋች። ሌሎቹም ተራ በተራ ወጡ።

ቄሱ ስልኩንም እኔንም አዩ። «ልጄ፣ ማኅበርተኞቹ የታሉ?» አሉኝ። አፈርኩ፤ እንባዬም መጣ።

በማግስቱ ጽዋውን አጥቤ ለቤተ ክርስቲያን አስረከብኩ። ከማስረከቤ በፊት ፎቶ አንስቼው ነበርና ግሩፑ ላይ ለጥፌ ከሥሩ ጻፍኩ፦ «ጽዋው ለማርያም ተመልሷል። ማኅበራችን ከዛሬ ጀምሮ ፈርሷል።» ይቆጡኛል፣ ይለምኑኛል፣ ቢያንስ አንዷ ትደውላለች ብዬ ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁ።

አንድ ደቂቃ አልፈጀም። የሞጣዋ ናት። ፎቶው ላይ ቀይ ልብ፣ ከሥሩም «ውይ ሲያምር! አሜን፣ ለከርሞም በሰላም ያድርሰን!»