ይድገሙት

አክስቴ ለእንግዳ ጠጅ ሲቀዱ አስቀድመው ጥቂት በመዳፋቸው አፍስሰው ይቀምሱ ነበር። ሌላው አስተናጋጅም ያደርገዋል፤ እሳቸው ግን እርጥብ መዳፋቸውን ለእንግዳው አሳይተው፣ "ከእኔ በፊት ማንም አይቀምሰውም" ይሉ ነበር። ከአምበር በታች ባለው ሸለቆ ጠጃቸውን የሚስተካከል አልነበረም፤ ማሩ ከገዛ ቀፏቸው፣ ጌሾው ከጓሯቸው ነው።

ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን፣ በጌሾ ስልቻ ውስጥ በሶ ደብቀው ጫካ ላሉት አርበኞች ይልኩ ነበር። ከቤተሰብ ውጭ ይህን የሚያውቀው አበልጃቸው ብቻ ነው። ልጃቸውን ክርስትና ያነሣ ሰው!

አንድ ቀን ከሰዓት ወታደሮች አስከትሎ መጣና ስልቻውን አስደፋ። በሶው መሬት ላይ ተበተነ። አክስቴ ግን ቤታቸው የገባ ሰው ነውና ብርሌ አንሥተው ቀዱለት፤ እንደ ልማዳቸውም ቀመሱለት። እሱ ግን አልተቀበለም።

"እስቲ ይድገሙት፣ አበልጅ" አለ።

ደገሙት። ከዚያ ወደ ደብረ ማርቆስ ወሰዷቸው። ከእስር ሲመለሱ ስለ ድብደባው አንድም ቀን አላወሩም። የሚያንገበግባቸው ሌላ ነበር፤ "ይድገሙት አለኝ እኮ!"

ትናንት ተዝካራቸው ነበር። ከጋኑ አጠገብ ያለው መደባቸው ባዶውን ነው። ያ ሰው መጥቶ ከቄሶቹ ጎን ተቀመጠ፤ ማንም አላስነሣውም። ጠጅ የምቀዳው እኔ ነበርኩ፤ ቀዳሁለት። መዳፌን እያየ ጠበቀ።

እጄን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ እስኪጠጣ ፊቱ ቆምኩ።