የግሸን ስንቅ

ሲወስዱኝ እጄ ሊጥ ነበር። ልታጠብ ብል «እዚያው ትታጠቢያለሽ» አሉኝ። መኪናው ላይ ሆኜ ሊጡ በጣቶቼ መሀል እየደረቀ ይሰነጣጠቅ ነበር። ልጄ ደጃፍ ላይ ቆማ ታየኛለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። «ምድጃውን አጥፊ፤ ሊጡን ክደኚው» አልኳት። ሌላ ነገር ልላት ይገባኝ ነበር። አፌ ላይ የመጣልኝ ግን ምድጃውና ሊጡ ብቻ ነው።

እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። በሩን ዘግቼ ተመልሼ ሁለቴ የማይ፣ ልጄ ከትምህርት ቤት ትንሽ ስትቆይ መንገድ ወጥቼ የምቆም። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ሐይቅ ከተማ ዓሣ እየጠበስኩ እሸጣለሁ። ከሰው ጋር ክርክር አልወድም።

መስከረም ነበር። የማኅበራችን ሴቶች ለግሸን ማርያም ንግሥ አብረን ልንሄድ ተነጋገርን፤ ስንቁን እኔ ላዘጋጅ አልኩ። ልጄ ታማ ከሞት ስትተርፍ የተሳልኩት ስለት ነበርና። ሁለት ጆንያ ዳቦ ቆሎ፣ አንድ ጆንያ በሶ። ለእኛ ብቻ አይደለም፤ ዳገቱ ላይ ስንቁ ላለቀበት ሁሉ። የወሰዱኝ ሰዎች ቤት ገብተው ጆንያዎቹን ሲያዩ «ይህ ሁሉ ለማን ነው?» አሉ። «ለግሸን» አልኩ። አንደኛው ሳቀ። ያን ሰሞን ተራራው ላይ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ነበሩ። ስንቁ ለእነሱ ነው ተባለ።

ያስገቡኝ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ነው። የት እንደሆነ አልናገርም። ከዋናው መንገድ አይርቅም፤ ትልቅ መኪና ሲያልፍ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። መስኮት የለውም። ቆርቆሮው ላይ ምስማር የተነቀለባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ፀሐይ ስትወጣ ብርሃኑ በእነሱ በኩል እንደ ክር ይወርዳል። ቤቱ የነቀዝ መድኃኒት ይሸታል። አሥራ አራት ሴቶች ነበርን። ፈታሿ መቀነቴን ፈታች፣ ከዚያ ከአንገቴ ማተቤን በጠሰች። «ገመድ አይገባም» አለች። ክርስትና ከተነሣሁ ጀምሮ አንገቴ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ እጄ ወደዚያ እየሄደ ባዶ ቆዳ ይነካ ነበር።

በሩ አጠገብ ከአምባሰል ገጠር የመጡ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል፤ ሙስሊም ናቸው። ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

«ምን አድርገሽ ነው የኔ ልጅ?»

«ዳቦ ቆሎ ቆልቼ።»

«ጨው አብዝተሽበት ይሆናላ!»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

«እርስዎስ እማማ?»

«እኔማ ልጅ ወልጄ» አሉ። ልጃቸው ይፈለጋል። እሱ እስኪመጣ ነው የተቀመጡት።

ምግብ ከቤት ይመጣል። ልጄ በየቀኑ በባጃጅ ትመጣለች፤ ዕቃውን በር ላይ ትሰጣለች፤ ባዶውን ተቀብላ ትመለሳለች። አያገናኙንም። ባዶ ዕቃ ከተመለሰላት እናቴ አለች ማለት ነው። ስለዚህ ባልራብም ሁሉንም አወጣ ነበር፤ ለሌሎቹ አካፍልና ዕቃውን በእንጀራ ጠርጌ እልክላታለሁ።

ቀኑ ግን ጠፋብኝ። ረቡዕ ይሁን ሐሙስ አላውቅም። ጾም መሻሬ ነው ብዬ ተጨነቅሁ፤ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር የጠፋ ይመስል። ለአሮጊቷ ነገርኳቸው። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከሩቅ የመስጊድ ድምፅ ሲሰማ ክንዴን ነካ አደረጉኝ።

«ስሚ፣ ኹጥባ ነው። ዛሬ ጁምዓ ነው።»

«ዓርብ ነው እንዴ?»

«ዓርብ ነው። በይ እኔ ቀኑን እነግርሻለሁ፣ አንቺ ጹሚ። አብሽሪ።»

ከዚያ ወዲያ ከእሳቸው ጁምዓ እየቆጠርኩ ረቡዕንም አገኘሁት።

ጸሎት ግን አልሆነልኝም። አባታችን ሆይ ብዬ እጀምራለሁ፤ ስለ ፈተና የሚለው ቦታ ስደርስ ሐሳቤ ወደ ልጄ ይሄዳል። ማን አበጠራት? ማታ በሩን ዘግታለች? መልሼ እጀምራለሁ፣ እዚያው ቦታ ላይ እቆማለሁ። እግዚአብሔር ትቶኛል አላልኩም። አለ ብዬ ግን እጄን የማሳርፍበት ነገር አጣሁ።

በሁለተኛው ዓርብ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ወጣት ነው፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ጥፍሩ የተቆረጠ።

እዚህ ላይ ጥፋቴን መናገር አለብኝ። ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ ግድግዳችን አንድ ነው። ልጇ ዐረብ አገር ሦስት ዓመት ሠርቶ በሰላም ሲመለስላት «ለማርያም አድርሺልኝ» ብላ ለስንቁ ዱቄት ሰጠችኝ። ከወፍጮ ቤት በባጃጁ ያመጣልኝ ልጇ ነው። ይህን በመጀመሪያው ቀን፣ ማንም ሳይጫነኝ፣ ተናገርኩ። እውነት ሰውን አይጎዳም ብዬ። መርማሪው ያን ቀን ጻፍ ጻፍ አድርጎ መልሶኝ ነበር።

አሁን ወረቀት አወጣና ቶሎ ቶሎ አነበበልኝ። ዱቄቱን ያመጣው የጎረቤቴ ልጅ እንደሆነ፣ ለታጣቂዎች ስንቅ እንዳዘጋጅም ያዘዘኝ እሱ እንደሆነ ይላል።

«እናት፣ አንቺን ማንም አይፈልግሽም። ፈርሚና ሂጂ። ልጅሽ ዛሬም በር ላይ ናት።»

ሰምቻለሁ። ፈጥኖ ቢያነብም ገብቶኛል፤ አልገባኝም ነበር ብዬ አልዋሽም። እስክሪብቶውን ወሰድኩ። እሱ ወንድ ነው፣ ይችለዋል፤ የእኔ ግን ሕፃን ናት፣ ብቻዋን ናት፣ አልኩ በልቤ። የስሜን የመጀመሪያ ፊደል ጻፍኩ።

ግቢው ውስጥ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። አንድ ሰው በሩን ከፍቶ «ኃላፊው መጥተዋል» አለው። መርማሪው ተነሥቶ ወረቀቱን ከእጄ ሳበ። «ከምሳ በኋላ ትጨርሺዋለሽ» አለኝ።

ተመልሼ አሮጊቷ አጠገብ ተቀመጥኩ። ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«ስምሽ ስንት ፊደል ነው?»

«ሦስት።»

«ሁለት ቀርቶሻላ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ለሰላት ተነሡ።

ምሳ መጣ። ጠባቂው እንደልማዱ ወጡን በእንጨት አማስሎ፣ እንጀራውን ገላልጦ ሰጠኝ። ዓርብ ነውና እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም፤ ሽታው ግን መጣ። ሽሮ ነው፤ ጥቁር አዝሙዱ በዝቷል። የልጄ እጅ አይደለም። ይህን ያህል ጥቁር አዝሙድ የምታበዛ እኛ ሰፈር አንዲት ሴት ብቻ ናት። በጣቴ ነክቼ አየሁት። ዘይት ነው። ጎረቤቴ ቤት ደግሞ ያለ ቅቤ ወጥ ተሠርቶ አያውቅም፤ «የዘይት ወጥ የበሽተኛ ነው» የምትል ሴት ናት። ዓርብ መሆኑን አስባ፣ ጾመኛ መሆኔን አስባ፣ በዘይት ሠራችልኝ።

ልጄን ማን እንዳበጠራት ያን ጊዜ ገባኝ። ዕቃውን ጭኔ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም።

ከሰዓት በኋላ አስጠሩኝ። ወረቀቱ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ፊደሌም ከታች።

«ላንብበው» አልኩ።

«አነበብኩልሽ እኮ።»

«እኔ ራሴ ላንብበው።»

«ማንበብ ትችያለሽ?»

«ቀስ ብዬ።»

ጣቴን ከፊደሉ ሥር አድርጌ ድምፄን አውጥቼ አነበብኩ። እኔ ሳነብ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። አንዳንዱን ቃል ሁለቴ ጀምሬዋለሁ። ሰዓቱን አየ፣ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። የልጁ ስም ያለበት መስመር ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«ይቺ ልክ አይደለችም። ዱቄቱ ስለት ነው። ያዘዘኝ ሰው የለም።»

«ልጅሽስ?»

  እስክሪብቶውን አነሣሁ፤ ልትፈርም ነው ብሎ ወረቀቱን አስጠጋልኝ። ጠዋት የጻፍኳትን ፊደል ሰረዝኳት። ፊደል መሆኗ እስኪጠፋ ድረስ ደጋግሜ ሰረዝኳት።

በጥፊ መታኝ። አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ እንደ ደከመው ሰው ተቀመጠና «ውሰዷት» አለ። ስነሣ ወንበሩ ረጥቧል። መቼ እንዳመለጠኝ አላውቅም። ጠባቂው በሩ ላይ ሆኖ «ቶሎ በይ» ይለኛል። በቀሚሴ ጠርዝ ወንበሩን እስኪደርቅ ጠረግሁና ወጣሁ። ከእኔ በኋላ የሚቀመጥበት ሌላ ሰው ነው።

አሮጊቷ ቀሚሴን አዩት።  ሁለት ቀሚስ ደርበው ነበር፤ የላይኛውን አውልቀው ሰጡኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሽሮውን አብረን በላን።

«ዘይት በዛበት» አሉ እየጎረሱ።

በዚያ ቀን አባታችን ሆይን እስከ መጨረሻው ደገምኩ። ደስ ብሎኝ አይደለም፤ ልጄም ያለ እናቷ ናት፣ እኔም እዚያው ነኝ። ግን ስለ ፈተና የሚለው ቦታ ላይ አልቆምኩም።

መስቀል እዚያው አለፈ። ግሸን ሊነግሥ ሲቃረብ የምእመናኑ አውቶቡሶች ወደ ውጫሌ ማለፍ ጀመሩ። ከበሮና እልልታ ይሰማል። ሴቶቹ እየተነሣን እጃችንን ግድግዳው ላይ እናደርግ ነበር፤ መንቀጥቀጡ መዳፋችን ውስጥ ይገባል። አሮጊቷም መጥተው እጃቸውን ከእኔ እጅ አጠገብ አደረጉ። «በይ በልብሽ ሂጂልኝ» አሉኝ። ጆንያዎቹ የት እንደደረሱ አላውቅም። አልተመለሱልኝም፣ ማተቤም አልተመለሰም። አዲስ አስሬያለሁ።

ጥቅምት ሲያልቅ፣ ለምን እንደሆነ ሳይነግሩኝ፣ ለቀቁኝ። አሮጊቷ ቀሩ። ቀሚሳቸው እስከ ዛሬ እኔ ጋ ነው።

ቤት ስደርስ የጎረቤቴ ልጅ ባጃጅ በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። ልጁን እኔ ውስጥ እያለሁ ወስደውታል። ሌላ ሰው ፈርሞ ይሁን፣ ማንም ሳይፈርም፣ አላውቅም። እናቱ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። በመጀመሪያው ቀን ስሙን የጠራሁት እኔ መሆኔን አታውቅም። ስለ ፊደሏም አታውቅም።

ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። «ለእኔ ነገርሽኝ። ለእሷስ?» አሉኝ።

ሦስት ሳምንት ፈራሁ። በአራተኛው፣ ዓሣ እየጠበስኩ ሳለ ከጎኔ ቆማ ስታወራኝ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ስሙን መጥራቴን፣ ፊደሏን። መሰረዜን መጨረሻ ላይ ነው የተናገርኩት፤ እሱን ባስቀድም ይቅርታ መግዣ መሰለኝ። መጥበሻውን ታያለች። ዘይቱ ይንጫጫል።

«ያርርብሻል፣ ገልብጪው» አለችኝ።

ገለበጥኩት።

«ነገ ጁምዓ ነው» አለች ከዚያ። «ለሱም ጥበሺለት። ያንቺን ዓሣ ይወዳል።»

ሥጋ ቢሆን እኛ ያረድነውን እሱ አይበላም፤ ዓሣ ግን የሁላችንም ነው። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ እሱ ወደታሰረበት አብረን እንሄዳለን። እኔ ጾመኛ ስለሆንኩ ጨውን የምትቀምሰው እሷ ናት። በሩ ላይ ዕቃውን እንሰጣለን፣ እንቀመጣለን። እሷ በመቁጠሪያዋ ትቆጥራለች፣ እኔም አባታችን ሆይን በልቤ እደግማለሁ። ይፈታል ያለን ሰው የለም። ባዶው ሲመለስ ሁለታችንም ከፍተን እናያለን። የዓሣው እሾህ ብቻ ከሆነ፣ በልቷል ብለን ዘግተን፣ ባጃጅ ጠርተን፣ ወደ ቤታችን እንመለሳለን።